ከመሬት ደብተሩ የተላቀቀው ፎቶ

እናቴ በሕይወቷ ፎቶ የተነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ታዝዛ ነው። በዚያ ዘመን በየገጠሩ መሬት እየተለካ ለባለይዞታው አረንጓዴ ደብተር ይሰጥ ነበር። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ ከዚያም ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ክብ ማኅተም ይመታበታል። ፎቶ አንሺው ከጎንደር ይዞት የመጣውን ነጭ አንሶላ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ወጥሮ የአገሩን ሰው አንድ በአንድ እያቆመ ያነሣ ነበር። እናቴ ያን ሰሞን ሐዘን ላይ ነበረች። የአባቴ ታናሽ ወንድም ሞቶ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። እሷ ሙሽራ ሆና ስትመጣ እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ስለነበር አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ጉንጯን ነጭታው ቁስሉ አልሻረም። አባቴ "ሌላ ቀን ይሁንላት" ብሎ ቢለምን፣ ፎቶ አንሺው "ሌላ ቀን ሌላ ቀበሌ ነኝ" አለ። እንደዚያው እንደሆነች ቆመችለት።

ፎቶዋ ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም። እናቴ ፊት ለፊት አፍጥጣ ታያለች፤ ነጠላዋ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ የተላጨው ራሷ ይታያል፤ ከንፈሯ ተገጥሟል። እኔ የማውቃት እናቴ ግን ሳቂታ ነበረች፤ ቤታችን ገብቶ በእሷ ሳይተረብ የወጣ እንግዳ አላስታውስም። ይህን ፎቶ ብቻ ያየ ሰው በዕድሜዋ ስቃ የማታውቅ ይመስለዋል። ካረፈች በኋላ መልኳ እየራቀኝ ሲሄድ፣ አገር ቤት በወጣሁ ቁጥር አባቴን "እስቲ ደብተሩን አሳየኝ" እለው ጀመር። እሱ መሬቱን ልቆጣጠር የፈለግሁ እየመሰለው ይስቅብኝ ነበር። "አይዞህ፣ የትም አልሄደም" ይልና ከሳጥን አውጥቶ፣ ከፌስታሉ ፈትቶ ይሰጠኛል። እሷን አየት አድርጌ እመልስለታለሁ።

እኔ የምኖረው ጎንደር፣ ፀዳ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። አገር ቤት የምለው ኮሶዬን አልፈን፣ ከአስፋልቱ ወርደን በእግር የምንገባበትን ደጋ ነው። እዚያ ከአባቴ ጋር የቀረችው ታናሽ እህቴ ናት። በልጅነቷ ተድራ ነበር፤ አልተስማሙም፤ ተፋታ ከመጣች ወዲህ ከአባቴ ቤት አልወጣችም። አባቴ ጉልበቱ ከድቶት አልጋ ላይ ሲውል ያጠበችው፣ ያጎረሰችው፣ ደግፋ ፀሐይ ያስሞቀችው እሷ ናት። እኔ በበዓል በበዓል ብቅ እያልሁ "እግዜር ይስጥሽ" እል ነበር። ሩቅ ያለ ወንድ ልጅ ሥራው ይህ ነው፤ ይመርቃል፣ ይሄዳል።

መሬታችን ሦስት ቦታ ነው። አንዱ ቤቱ ያለበት ጓሮ፣ ሁለተኛው ገብስ የሚዘራበት ተረተር፣ ሦስተኛው ደግሞ የወንዝ ዳሯ ማሳ። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ይህች የወንዝ ዳሯ ናት። አፈሯ ጥቁር ነው፤ በበጋም ውኃ አይለያትም፤ ነጭ ሽንኩርቷ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ገና ከአህያ ሳይወርድ ገዢ ያገኛል። ተረተሩ ውርጭ በመታው ዓመት እህቴም አባቴም የኖሩት በእሷ ነው። እህቴ በሬ ስለሌላት የሚያርስላት የአጎታችን ልጅ ነው፤ ያ እናቴ ፀጉሯን የተላጨችለት አጎቴ ትቶት የሄደው አንድ ልጅ። እሱ ያርሳል፣ እሷ ትዘራለች፣ ትኮተኩታለች፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ካላናገሩት አይናገርም።

አባታችን ባለፈው ዓመት አረፈ። ተዝካሩ ወጥቶ ዘመድ አዝማድ ከተበተነ በኋላ እህቴ ደብተሩን ከሳጥን አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"አያ፣ አንተ የተማርህ ነህ። ወረዳ ሂደህ በስሜ አዙርልኝ። እኔ መሬት አስተዳደር ገብቼ ምን ብየ ላወራ ነው?"

"ሦስቱንም በስምሽ ነው የማዞረው። ድርሻየን ለቅቄልሻለሁ" አልኋት።

ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኋት። ውስጤ ግን ደስ አለው። ደመወዝተኛ ነኝ፣ ማረስ አልችልም፣ መሬቱን ብወስደውም ምን እንደማደርገው አላውቅም፤ እንዲያም ሆኖ ራሴን እንደ ትልቅ ለጋስ ነው የቆጠርሁት። ያን ቀን በመንገድ ሁሉ እያፏጨሁ መውረዴ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ወደ ወረዳ ከመሄዴ በፊት ደብተሩን ይዤ ጎንደር የወረድሁት በፎቶው ምክንያት ነው። ስም ሲዞር አሮጌው ደብተር ገቢ ይደረጋል ብለውኛል። እሱ መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ እናቴን የት አያታለሁ? ከመስጠቴ በፊት ላሳድጋትና ግድግዳዬ ላይ ልሰቅላት ቆረጥሁ። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፎቶ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ ደብተሩን ለባለሙያው ገለጥሁለት። ሰውየው ልባም ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረ።

"ከላይ የተለጠፈበት ላስቲክ ያንጸባርቃል። ከወረቀቱ ተላቅቆ በስካነር ቢነሣ ነው ጥሩ የሚወጣው። ላላቀው?" አለኝ።

"አላቀው" አልሁት።

ከመመለሳችሁ በፊት ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ እያልሁ ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ ያሰለቸሁ ሰው፣ የመለስሁት በአንዲት ቃል ነው። በምላጭ በጥንቃቄ አነሣው። ጠርዙ ላይ ወረቀቱ ትንሽ ተቦጭቆ መጣ። ሲጨርስ በማጣበቂያ መልሶ ለጠፈልኝ። ፎቶው ላይ ያለው የማኅተሙ ግማሽና ወረቀቱ ላይ የቀረው ግማሽ ግን እንደ ቀድሞው አልተገናኙም፤ የፀጉር ያህል ተዛንፈዋል። አይቼዋለሁ። አይቼውም ምንም አይደል አልሁ።

ያደገውን ፎቶ በማግስቱ ወሰድሁት። አልወደድሁትም። እናቴ ትልቅ ስትሆን አብሮ የተለቀው ጉንጯ ላይ ያለው ቁስል ነው።

የመሬት አስተዳደሩ ቢሮ ውስጥ የተቀበለችኝ ባለሙያ በዕድሜ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። የሞት ማስረጃውን፣ ድርሻዬን የለቀቅሁበትን ወረቀት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አይታ ጎን ለጎን ደረደረችው። ደብተሩን ስትገልጥ ግን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። በጣቷ የፎቶውን ጠርዝ ዳሰሰችው። ተነሥታ መስኮቱ ዘንድ ሄደች፤ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጋ አየችው።

"መምህር፣ ይህን ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ" አልኋትና የእናቴን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረገፍሁላት። ልጅቱ ሳታቋርጠኝ ሰማች።

"እናትዎ ለመሆናቸው እኔ አልጠራጠርም" አለችኝ። "ግን የሟች ፎቶ አንሥተው የራሳቸውን እየለጠፉ የሰው መሬት የሚወስዱ አሉ። ማኅተሙ ከተነካ ደብተሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከመዝገቡ ጋር ነው የምናስተያየው። የእናንተ ቀበሌ መዝገብ ደግሞ በግርግሩ ጊዜ ተቃጥሏል።"

ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን መጻፍ ባልፈልግም እጽፈዋለሁ። "እናቴን ሌባ አደረግሽልኝ!" ብዬ ጮህሁባት። ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ የሚያስፈልገውን በወረቀት ጻፈችልኝ። በቀበሌውና በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ይነገራል፣ ተቃዋሚ ካለ ይቀርባል፣ ከዚያ የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማሳዎቹ የማን እንደሆኑ መስክረው ቃለ ጉባኤ ይልካሉ። "ተቃዋሚ ከሌለ ቀላል ነው" ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃት ወጣሁ።

እህቴ አስፋልቱ ድረስ ወጥታ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

"ምነው ፊትህ ጠቆረ? ምን ጎድሎ ነው?"

"ምንም አልጎደለ። ትንሽ ሥርዓት ቀርቷል" አልኋት። ማኅተሙን እኔ እንዳስነካሁት የነገርኋት ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው። እሷ "አይ አያ" ብላ ሳቀች። "እማየን ብለህ ነው፤ ማን ይፈርድብሃል" አለችኝ።

ማስታወቂያው የተነበበው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከመበተኑ በፊት ነው። አንባቢው ሦስቱን ማሳዎች ከነአዋሳኞቻቸው ዘርዝሮ፣ የደብተሩ ማኅተም የተነካ በመሆኑ ተቃውሞ ያለው ይቅረብ ሲል፣ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ተነሣ። የአጎቴ ልጅ ነው። ጋቢውን አስተካከለና፣

"የወንዝ ዳሯ ማሳ የአባቴ ናት" አለ። ይህን ብቻ ተናግሮ ተቀመጠ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። እህቴ ከሴቶቹ መሐል ሆና ያልሰማች ይመስል ወደ እኔ አየች። ከደጀ ሰላሙ ስንወጣ ተከተልሁትና እጁን ያዝሁት።

"እስከ ዛሬ ምነው ሳትናገር?"

"እናቴ ልትሞት ስትል ነው የነገረችኝ" አለኝ። "መጥቼ ሳይ ደብተር ወጥቶበታል። ማኅተም ያለበትን ነገር ምን ብየ ልናገር? ማረሱን ካልከለከሉኝ ብየ ዝም አልሁ። አሁን ማኅተሙ ለቀቀ ሲሉ ሰማሁ።"

አልተቆጣም፤ አልዛተም። እንዲያውም ሲናገር የሚያፍር ይመስል መሬት መሬት ያይ ነበር። ያኔ ነው ስንት ዓመት ሙሉ ያልነካሁት ነገር የተቀሰቀሰብኝ።

ፎቶው በተነሣበት በዚያው ሳምንት መሬት ለኪዎቹ ወንዝ ዳር ወርደው ነበር። እኔ ጎንደር እማር ነበርና ለልቅሶው መጥቼ ገና አልተመለስሁም። እህቴ ሕፃን ናት፤ ጥጃ ልትጠብቅ ሄዳለች። የሟቹ አጎቴ ሚስት ልጇን ይዛ ወደ ወላጆቿ አገር ገብታለች። ለኪዎቹ ገመዳቸውን ዘርግተው "ይች የማን ናት?" ሲሉ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አባቴን፣

"ይች የሟች ናት። የልጁን ስም አያስገቡም ወይ?" አለችው።

"ልጁ እዚህ የለም" አላት አባቴ ቀስ ብሎ። "ባለቤት የላትም ካልን ለሌላ ሰው ይሰጧታል። በእኔ ስም ትያዝለት፤ ሲያድግ እሰጠዋለሁ።"

አባቴ ያን ሲል እውነቱን ነበር፤ ዛሬም አምነዋለሁ። እናቴ ግን ወደ እኔ ዞረች። ጉንጯ ላይ ያለው ቁስል ገና ቀይ ነው።

"አንተም ሰምተሃል" አለችኝ።

ከዚያ እሷ ሞተች። ልጁ አድጎ ሲመለስ አባቴ ደክሟል፤ ያችን ማሳ ከለቀቀ እሱና እህቴ የሚበሉት የለም። "ዘንድሮ ይለፍ" ሳይል አልቀረም፤ ዘንድሮም እየደጋገመ አለፈ። እኔም አልጠየቅሁትም። በበዓል ስሄድ ከዚያች ማሳ የመጣውን በልቼ፣ ስመለስ ተሸክሜ ወርጃለሁ። የአጎቴ ልጅ የገዛ አባቱን መሬት አርሶ ለእኛ ግማሹን ሲሰጠን አይቻለሁ፤ "በርታ፣ ጎበዝ ነህ" ብዬውም አውቃለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሊቀመጡ ሲሉ፣ በዋዜማው፣ ለእህቴ ልነግራት ሄድሁ። ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትጎነጉናለች። እጇ ላይ የአፈሩ ጥቁረት አለ፤ ታጥባ የሚለቅ አይደለም።

"ስለ ወንዝ ዳሯ አባታችን ምን ብሎሽ ያውቃል?" አልኋት።

"ምን ይለኛል? ይች ላንች ናት፣ ጡረሽኛል፣ ብሎኛል።" ጉንጉኗን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችውና አስቀመጠችው። "እኔ እኮ የሚገርመኝ ያ ልጅ ነው፤ አንድ መሶብ ስንበላ ኖረን እንዲህ ይለኛል? ግዴለም። ነገ አንተ ቀጥ ብለህ ተናገርልኝ። አንተን ያምኑሃል።"

"እሺ" አልሁ። ልነግራት የመጣሁትን ይዤው ተመለስሁ። ሌላ ስም የለውም፤ ፈርቼ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ድንጋዮቹ ላይ ተቀመጡ። የቀበሌው ሰው ቃለ ጉባኤ ሊይዝ አጠገባቸው አለ። በመጀመሪያ የአጎቴን ልጅ ጠየቁት። እናቱ ከነገረችው ሌላ ምስክር እንደሌለው ተናገረ፤ በዚያ ዘመን አዋሳኝ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ሞተዋል። እህቴን ጠየቋት። አባቷ በአፉ የሰጣት መሆኑን፣ ስንት ዓመት እንደለፋችበት፣ ደብተሩም የአባቷ መሆኑን ሳትፈራ አስረዳች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ነገሩ ወደ እሷ ማዘንበሉ ያስታውቃል። በመጨረሻ ከሦስቱ አንጋፋው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ያን ጊዜ ነፍስ ያወቅህ ነበርህ" አሉኝ። "አናስምልህም፤ የተማርህ ሰው ነህ፣ የታቦት ልጅ ነህ። የምታውቀውን ብቻ ንገረን።"

አላስታውስም ማለት እችል ነበር። ያን ያህል ዓመት ያለፈበትን ነገር አላስታውስም ያለ ሰው ማን ይከሰዋል? እህቴን አየኋት። አይዞህ በሚል ዓይን አየችኝና ራሷን ነቀነቀችልኝ።

"ማሳዋ የአጎቴ ነበረች" አልሁ።

የቀረውንም ነገርኋቸው፤ ገመዱን፣ እናቴ ያለችውን፣ አባቴ የመለሰላትን። ስናገር ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው ጥርት ያለ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ስጨርስ አንጋፋው ሽማግሌ ከቀበሌው ሰው ወረቀት ተቀብለው ሰጡኝና፣

"ቃልህን በእጅህ ጻፈው፤ ነገ ሌላ ጻፈው እንዳይባል" አሉኝ።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ያረቀው እጅ ስለሆነ ጽሕፈቴ ያምራል፤ አንዲት ፊደል አልተንጋደደችም። ፈርሜ ቀና ስል እህቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳዋለች። ተራዋ ሲደርስ ቃለ ጉባኤው ላይ እሷም ፈረመች። የአጎቴ ልጅ አልተደሰተም፤ እንባ እንባ ይለው ነበር። ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣

"እንደ ድሮው እናርሳታለን። እኩል ትወስጃለሽ፤ ማንም አያስወጣሽ" አላት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለችውና እኔን ሳታይ ቁልቁል ወረደች።

ወረዳ ላይ ጉዳዩ በሁለት ሳምንት አለቀ። ጓሮውና ተረተሩ በእህቴ ስም፣ የወንዝ ዳሯ በአጎቴ ልጅ ስም ተመዘገቡ። ባለሙያዋ አሮጌውን ደብተር ስትረከበኝ ያን ቀን ስለጮህሁባት ይቅርታ ጠየቅኋት። "ምንም አይደል፣ መምህር" አለችኝ። ከዚያ ፎቶውን በጥፍሯ ጫፍ አንሥታ ሰጠችኝ፤ ከተላቀቀ ወዲህ እዚያ መቆየቱ ለማንም እንደማይጠቅም ነገረችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ልክ የፈለግሁትን አገኘሁ፤ ለማንም ልናገረው የምችለው ደስታ ግን አልነበረም።

አገር ቤት ለመሄድ ወራት ፈጀብኝ። መንገድ ተዘጋ እያልሁ፣ ፈተና ነው እያልሁ ቆየሁ፤ ከሰበቦቹ አንዳንዱ እውነት ነበር። ስሄድ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነው የሄድሁት። ስለ እውነት፣ ስለ እናታችን አደራ፣ ወላጅ የሌለው ልጅ ስለ መበደሉ። ማኪናው ውስጥ ሆኜ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ ተለማምጄዋለሁ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ የምመልሰው ነበረኝ።

ጓሮ ውስጥ ድንች ስትኮተኩት አገኘኋት። ከስታለች። ተሳሳምን፤ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ፤ መቀመጫ ልታመጣ ስትነሣ ተይው አልኋትና የተለማመድሁትን ጀመርሁ።

"እናታችን ያን ቀን፣ አንተም ሰምተሃል፣ ብላኝ ነበር። እንዴት ብየ..."

"መናገርህን አልጠላሁም" አለችኝ። ዶማዋን መሬት ላይ አጋደመችው። "እኔም ሰምቼ ቢሆን እናገር ነበር። የድሀ አደግ መሬት በልቼ ላድር ነው? እሱን ተወው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባየ ገና ሳይታመም፣ የዳባቱ ሰው ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ፣ እኔ አንተን ላማክር ጎንደር ድረስ መጣሁ። ትዝ ይልሃል?"

ትዝ አላለኝም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን መጣልኝ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው፤ የፈተና ወረቀት ታቅፌያለሁ፣ ተማሪ ይጠብቀኛል። እሷ በጠዋት ማኪና ወርዳ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቷል። ሰውየውን እንደወደደችው አልነገረችኝም፤ ግን ሲነሣ ፊቷ በርቶ ነበር፤ ያኔም አይቼው ነበር።

"ምን አልኸኝ?" አለችኝ።

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። "እንዲህ ያለ የወንዝ ዳር ማሳ ትተሽ ሰው አገር ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?" ነበር ያልኋት። ችኮላ ላይ ነበርሁ። እሷም "እውነትህን ነው አያ" ብላኝ በመጣችበት ማኪና ተመልሳለች።

"ያን ጊዜም እኮ የማን እንደሆነች ታውቅ ነበር" አለችኝ።

አልጮኸችም። መልስ ትጠብቅ እንደሆነ አየኋት፤ አትጠብቅም። ዶማዋን አንሥታ ወደ ድንቹ ጎንበስ አለች፤ አፈሩን እያስጠጋች፣ ቀና ሳትል፣

"ሌላ አግብቶ ሦስት ወልዷል አሉ" አለችኝ።